በስምንት ኮምፒውተሮች ላይ አደገኛ ዳውንሎድን የማገድ ሥራ፦ የኅዳር 2017 ዓ.ም. የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 2፣ ሰኞ

አዳማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት አገልግሎት ቤት ያሉትን ስምንት ኮምፒውተሮች በየጊዜው የምጠግነው እኔ ነኝ። የዲቪ ምዝገባ ጥቅምት 28 ቀን እስኪዘጋ ድረስ ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር ማሽኖቹን ለማየት ፋታ አልተገኘም። ዛሬ ጠዋት ግን የቤቱ ባለቤት ራሳቸው ደውለው፣ «ልጄ፣ ሦስተኛው ኮምፒውተር ጉግል ስለው ሌላ ነገር ይከፍትብኛል፤ እባክህ መጥተህ እየው» አሉኝ።

ክሮም የተባለውን ብሮውዘር (የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ስከፍተው የመነሻ ገጹ ተለውጧል፤ ፍለጋው ስሙን ሰምቼው ወደማላውቅ ድረ ገጽ ይሄዳል፤ ማንም አስቦ ያልጫናቸው ሁለት ኤክስቴንሽኖችም (በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ገብተዋል። የዳውንሎድ ታሪኩን ወደ ኋላ ስመለከት ጥቅምት 20 ቀን የወረደ አንድ የፎቶ መጠን መቀነሻ ፕሮግራም አገኘሁ። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ለዲቪ የሚላከው ፎቶ እኩል ጎን ያለው፣ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል የሆነና ክብደቱ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን ስላለበት፣ በዚያ ሰሞን በስልክ የተነሣ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ፎቶውን የሚያሳንስለት ይፈልግ ነበር።

ጸሐፊዋን ስጠይቃት፣ «ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ ግን ወረፋው በር ድረስ ደርሶ ሰው ሲቆጣኝ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ‹ይቆይ› የሚለውን ነክቼ አለፍኩት» አለችኝ። ጥፋቱን በእሷ ላይ መጣል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ብሮውዘሩ አደጋውን አይቶ ተናግሯል፤ ከማስጠንቀቂያው ጎን ማለፊያው ክፍት ሆኖ ሳለ አሥር ሰው ከኋላዋ የቆመባት ሠራተኛ ማለፊያውን ብትመርጥ አይደንቅም። ስለዚህ ሦስተኛውን ማሽን አጽድቶ ከመሄድ ይልቅ በስምንቱም ላይ ብሮውዘሮቹ የሚያግዱት ነገር ታግዶ እንዲቀር ማድረግ፣ ከዚያም ብሮውዘር የማያየው መግቢያ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ እንደሚያስፈልግ ለቤቱ ባለቤት አስረድቼ ፈቃዳቸውን አገኘሁ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ሦስተኛውን ኮምፒውተር አጸዳሁ። ፕሮግራሙን ከዊንዶውስ አራግፌ፣ ማሽኑ ሲነሣ አብሮ የሚነሣውን ቁራጭ አጥፍቼ፣ ክሮምን በራሱ የቅንብር መመለሻ ወደ መጀመሪያ ሁኔታው መለስኩት። ይህ መመለሻ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ የጉግል ኩባንያ ክሮም አደገኛ ሆኖ ያገኘውን ዳውንሎድ በራሱ ማገድ እንደሚጀምር አስታውቆ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ መነሣታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ያን ጊዜም ዋናው ችግር ነጻ ፕሮግራም መስሎ ገብቶ የብሮውዘርን ቅንብር የሚቀማው ዓይነት ነበርና፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ እዚህ ቤት ያገኘሁት ያንኑ ነው።

ከዚያ በፊት ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር። የጉግል የጥንቃቄ አሰሳ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አደገኛ ገጾችን ሲዘረዝር ቆይቶ፣ በ2011 ክሮም ስለሚወርዱ ፋይሎችም ማስጠንቀቅ ጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 ደግሞ ስማርትስክሪን በተባለው የማይክሮሶፍት ማጣሪያ አማካይነት የፋይሉን ዝና (በሰው ዘንድ ምን ያህል እንደታወቀ) መመዘን ጀመረ፤ ፋየርፎክስ በ31ኛው እትሙ በ2014 የወረዱ ፋይሎችን ወደ ማጣራት ገባ። ይህን የጻፍኩት በቤቱ ውስጥ ከአንድ በላይ ዓይነት ብሮውዘር ስላለ ነው። በስድስቱ ላይ ዊንዶውስ 10፣ ክሮምና የማይክሮሶፍት ብሮውዘር የሆነው ኤጅ አሉ። በሁለቱ ላይ ዊንዶውስ 7 ስላለ ክሮም በ109ኛው እትም ላይ ቆሟል፤ እነዚህን ለመጨረሻ አቆይቻቸዋለሁ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሙከራ ነበር። እውነተኛ ቫይረስ ይዞ በሰው የሥራ ቦታ መሞከር ስለማይገባ ጉግል ራሱ ለዚሁ ያዘጋጀውን የሙከራ ገጽ ተጠቀምኩ፤ በገጹ ላይ ያሉት ፋይሎች ምንም ጉዳት የሌላቸው ሆነው ብሮውዘሩ ግን እንደ አደገኛ፣ እንደማይፈለግ ወይም ብዙ ሰው እንደማያወርደው ፋይል እንዲቆጥራቸው የተዘጋጁ ናቸው። ለኤጅ ማይክሮሶፍት ለስማርትስክሪን ያዘጋጀውን ተመሳሳይ ገጽ ተጠቀምኩ።

ፋይሉ በሚወርድበት ጊዜ የዳውንሎድ ፎልደሩን ከፍቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ፤ ይህን ጸሐፊዋም እንድታየው ፈልጌ ነበር። ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ከወረደ በኋላም ቢሆን የራሱን ስም አያገኝም፤ «ያልተረጋገጠ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃልና ተከታታይ ቁጥር ይዞ፣ በክሮም ጊዜያዊ ቅጥያ እንደተሸፈነ ይቆያል። በዚህ ሰዓት ክሮም የፋይሉን የሻ-256 አሻራ (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ቁጥር) ያሰላል፣ ከየት አድራሻ እንደመጣና በየትኞቹ ገጾች በኩል እንደተደረሰበት ይመለከታል፣ ፕሮግራሙን ማን እንደሠራው የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ፊርማ ያያል፤ በራሱ ሊወስን ካልቻለ እነዚህን መረጃዎች ለጉግል አገልግሎት ልኮ ፍርዱን ይጠብቃል። ደህና ነው ከተባለ ፋይሉ ስሙን ያገኛል፤ አደገኛ ነው ከተባለ በዚያው ጊዜያዊ ስሙ ታስሮ ይቀራል፣ «ይጥፋ» ሲባልም ከፎልደሩ ውስጥ ይሰወራል። ጸሐፊዋ፣ «እስከ ዛሬ ድረስ ዝም ብሎ የሚያስፈራራ ይመስለኝ ነበር እንጂ እንዲህ እንደሚመረምር አላወቅሁም» አለች። ይህ አነጋገሯ ከማንኛውም ቅንብር የበለጠ የሚጠቅም ሆኖ ታየኝ፤ ማስጠንቀቂያውን የሚያነበው ሰው ከጀርባው ምን እንደተሠራ ካላወቀ በልበ ሙሉነት ሊታዘዘው አይችልም።

ውጤቱ እንደሚከተለው ነው። ክሮምም ኤጅም የተሰጧቸውን ፋይሎች ያዙ። ነገር ግን በሁለቱም ላይ፣ ጥቂት ደረጃ ወርዶ ለሚፈልግ ሰው፣ የታገደውን ፋይል መልሶ የማስቀረት አማራጭ አለ። የጥቅምት 20ው ፕሮግራም የገባው በዚህ በር ነው።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ማለፊያውን መዝጋት የሚቻለው በፖሊሲ፣ ማለትም አስተዳዳሪው በብሮውዘሩ ላይ በሚጥለው ደንብ ነው። በዊንዶውስ ሬጅስትሪ (የቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ ለመላው ማሽን በተመደበው ክፍል፣ የፖሊሲዎች ፎልደር ሥር፣ ለጉግል ክሮም በሚሆነው ቦታ «ዳውንሎድ ሪስትሪክሽንስ» የሚባል እሴት ፈጠርኩ፤ ለኤጅም በማይክሮሶፍት ሥር ተመሳሳዩን አደረግሁ። እሴቱ ከ0 እስከ 4 ይደርሳል። 0 ማለት እንደነበረው መተው ነው፣ 3 ማንኛውንም ዳውንሎድ መከልከል ነው፣ 4 አደገኛነታቸው የታወቁትን ብቻ ያለ ማለፊያ ማገድ ነው፣ 2 ደግሞ በእነዚህ ላይ የማይፈለጉትንና ብዙ ሰው የማያወርዳቸውን ጨምሮ ማገድ ነው። 1 የሚለው አደገኛ ከሚባሉ የፋይል ዓይነቶች ጋር የተያያዘ ስለሆነ አልሞከርኩትም።

ጠንከር ብል ይሻላል ብዬ በ2 ጀመርኩ። የክሮም የፖሊሲ ገጽ ላይ እሴቱ መታየቱን አረጋግጬ የሙከራ ገጹን ስደግም ማለፊያው ጠፍቶ፣ ድርጅቱ ፋይሉን እንደከለከለ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። እስከዚህ መልካም ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ደንበኛ የዕድር መዋጮ መዝገብ መያዣ ፕሮግራም ለማውረድ መጡ፤ ፕሮግራሙን የሠራው እዚሁ ከተማ ያለ፣ በግሉ የሚሠራ ወጣት ባለሙያ ሲሆን፣ የሚያወርዱት ጥቂት ዕድሮች ብቻ ናቸው፣ ዲጂታል ፊርማም የለውም። ክሮም «ብዙ ሰው የማያወርደው» ብሎ አገደው። እኚህ ሰው ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ነበርና ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው አሳዘነኝ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አሰብኩ። የዝና ሚዛኑ የተሠራበት ምክንያት ትክክል ነው፤ ተንኮል አዘል ፕሮግራም የሚሠሩት ሰዎች ፋይሉን በየሰዓቱ እየለዋወጡ አሻራውን ስለሚቀይሩ፣ ከዚህ በፊት ማንም ያላየው ፋይል መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ሆኖም ይኸው ሚዛን ለጥቂት ሰዎች፣ በአገር ቋንቋ፣ ለአገር ጉዳይ የሚሠራን ፕሮግራም ከሌባው ጋር በአንድ ወንበር ያስቀምጠዋል። ፊርማ ለማግኘት የሚያስፈልገው የምስክር ወረቀት በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ስለሆነ፣ ለአንድ የዕድር መዝገብ ያንን ክፈል ማለት ፕሮግራሙን አትሥራ ከማለት አይለይም። እሴቱን ወደ 4 መለስኩት፤ እንዲህ ሲሆን ብዙ የማይወርደው በማስጠንቀቂያ ያልፋል፣ አደገኛ መሆኑ የታወቀው ግን በማንም እጅ አያልፍም። ለማይፈለጉት ዓይነቶች ማለትም እንደ ጥቅምቱ ላለው መድኃኒቱ ሌላ መሆን እንዳለበት ይህን ስጽፍ ይታየኛል፤ 4 እሱን በግድ አያግደውምና።

የጥበቃው ደረጃም ሌላ ጥያቄ ነበር። ክሮም መደበኛና የተሻሻለ የሚላቸው ሁለት ደረጃዎች አሉት። በተሻሻለው ደረጃ የተጠረጠረ ፋይል ራሱ ወደ ጉግል ተልኮ በጥልቀት ይመረመራል። ጥበቃው የበለጠ እንደሆነ አምናለሁ፤ ግን እነዚህ ማሽኖች የሰው ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታና የሕክምና ማስረጃ የሚተየብባቸው ናቸው፤ ደንበኛው ሳይጠየቅ ፋይሉ ወደ ውጭ እንዲላክ እኔ ልወስንለት አይገባም። የዳታው ወጪም አለ። በመደበኛው ላይ ተውኳቸው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

የኅዳር ሚካኤል በዓል ስለሆነ ቤቱ ዝግ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ቁልፉን ሰጥተውኝ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻዬን ስሠራ ዋልኩ። የዛሬው ጥያቄ ብሮውዘር የማያየው መግቢያ የሚለው ነበር፤ በዚህ ቤት ይህ መግቢያ ፍላሽ ነው።

የዕድሩን ፕሮግራም (ባለሙያው ለሙከራ እንድጠቀምበት ፈቅዶልኛል) በክሮም አወረድኩት። ከዚያ በፓወርሼል (የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) ከፋይሉ ጋር ተጣብቆ የሚኖረውን «ዞን አይደንቲፋየር» የተባለ ስውር ማስታወሻ ከፍቼ አነበብኩ። ዞኑ 3 ይላል፤ 3 ማለት ኢንተርኔት ነው። ከሥሩ ፋይሉ የመጣበት አድራሻም ተጽፏል። ብሮውዘሩ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ይህ ማስታወሻ ከፋይሉ ጋር ይቀርና ለዊንዶውስ ይመሰክራል፤ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ነክቼ ስከፍተው የስማርትስክሪን ሰማያዊ መስኮት ወጥቶ ፕሮግራሙ የማይታወቅ መሆኑን ነገረኝ።

ቀጥዬ ያንኑ ፋይል ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት፣ ፍላሹን ነቅዬ በሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፣ ወደ ዴስክቶፕ ገልብጬ ማስታወሻውን ፈለግሁ። የለም። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተሰናዳ ሲሆን ይህ አሠራር ስውር ማስታወሻ የሚይዝበት ቦታ የለውም፤ ማስታወሻው የሚኖረው እንደ ኤንቲኤፍኤስ ባለ፣ ቦታ ባለው አሠራር በተሰናዳ ዲስክ ላይ ነው። ፋይሉን ስከፍተው ሰማያዊው መስኮት አልመጣም፣ ፕሮግራሙ እንደ ቤት ልጅ ገብቶ ተከፈተ። ስልክ በኬብል ሰክቼ ስገለብጥም ማስታወሻ አልነበረም። ደንበኞቻችን ደግሞ ፋይል የሚያመጡት በብዛት በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ነው፤ በቴሌግራም ወደ ስልካቸው የመጣውን ነገር በኬብል ወይም በፍላሽ ወደ ማሽኑ ያስገባሉ። በብሮውዘሩ ላይ ያደረግሁት ሁሉ ለዚህ ምንም አይሠራም።

ስለዚህ ከብሮውዘሩ በኋላ የሚቆመውን ጠባቂ ፈተሽኩ። ፀረ ቫይረስ መሥራቱን ለማረጋገጥ በዓለም ዙሪያ የተለመደውን የኤይካር የሙከራ ጽሑፍ፣ 68 ባይት ብቻ የሆነውንና ምንም የማይጎዳውን፣ በኖትፓድ ጽፌ ሳስቀምጠው የዊንዶውስ ዲፌንደር በስድስቱ ኮምፒውተሮች መካከል በአምስቱ ላይ ወዲያው ያዘው። በስድስተኛው ላይ ዝም አለ። ስመለከተው የቅጽበት ጥበቃው ጠፍቷል፤ አንድ ሰው ፕሮግራም ሲጭን «መጀመሪያ ፀረ ቫይረስህን አጥፋ» የሚለውን መመሪያ ተከትሎ አጥፍቶት የቀረ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ ሁሉም ማሽን ይጠበቃል ብለን ስናምን አንዱ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ሳይታወቅ ባዶውን ቆሟል።

አብርቼው፣ ሌላ ፕሮግራም ጥበቃውን እንዳያጠፋ የሚያደርገውን የመነካካት መከላከያም ከፈትኩ። የሁሉንም ማሽኖች የዕለት ተጠቃሚ ከአስተዳዳሪነት አውጥቼ ወደ መደበኛ ተጠቃሚ ለወጥኩ፤ ለአስተዳዳሪው የተለየ የይለፍ ቃል ሰጥቼ በፖስታ አሽጌ ለቤቱ ባለቤት አስረከብኩ። ይህ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የጥቅምቱን የመሰለ ፕሮግራም አስተዳዳሪ ሳይጠይቅ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ራሱን መጫን ይችላልና። ዲፌንደርን ማጥፋት ግን ከእንግዲህ ፖስታውን ሳይከፍቱ አይቻልም።

አንድ ትንሽ ነገር ጨመርኩ። የታሸጉ ፋይሎችን የሚፈታው ሰቨን ዚፕ ከ22ኛው እትሙ (እ.ኤ.አ. 2022) ጀምሮ የዞኑን ማስታወሻ ከዚፑ ወደሚወጡት ፋይሎች የሚያሻግር አማራጭ አለው፤ ነገር ግን ሳይነካ ሲተው ዝግ ነው። በስድስቱም ላይ ከፈትኩት።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በአማርኛ ለማረም የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም ሊያወርድ ተቀመጠ። ያገኘው ማስፈንጠሪያ ከአንድ ቻናል የተላከለት ዚፕ ፋይል ሲሆን በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ የይለፍ ቃሉም በፋይሉ ስም ላይ 1234 ተብሎ ተጽፏል። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሚስጥር ለመጠበቅ የተቆለፈ ፋይል የይለፍ ቃሉን ግንባሩ ላይ ለጥፎ አይዞርም፤ እንዲህ የሚደረገው ብሮውዘሩና ፀረ ቫይረሱ በውስጡ ያለውን እንዳያዩ ነው። ይህን ነገርኩት። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የተጠረጠረ ቁልፍ ዚፕ ሲያገኝ የይለፍ ቃሉን ይጠይቃል፤ በመደበኛው ጥበቃ ፋይሉም ቃሉም ከማሽኑ ሳይወጡ የውስጡ ዝርዝር መረጃ ብቻ ይመሳከራል። ጥያቄው መጣ፣ ቃሉን አስገባን፣ ታገደ።

ተማሪው ግን የመጣበት ሥራ አልተሠራለትም። «እሺ ጋሼ፣ ታዲያ በምን ልጻፍ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ያ ዚፕ የተፈለገው አማርኛ ለመጻፍ እንጂ ለሌላ አልነበረም። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የአማርኛ መጻፊያ ከቋንቋዎች ዝርዝር ላይ ጨመርኩለት፤ ማውረድም አላስፈለገም። ጣታቸው የዊንዶውሱን አጻጻፍ ላልለመደ ደግሞ ኪማን የተባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ከራሱ ድረ ገጽ አወረድኩ፤ ነጻ ነው፣ የፋይሉን ባሕርይ ከፍቼ ሳይ የሠሪው ድርጅት የኤስአይኤል ዲጂታል ፊርማ አለበት፣ ክሮምም አንዲት ቃል ሳይናገር አሳለፈው።

ለማይፈለጉት ፕሮግራሞች መድኃኒቱ ምንድን ነው የሚለውን የኅዳር 10 ጥያቄ የሚመልሰው ይህ ሆኖ አገኘሁት። ሰው ማስጠንቀቂያውን የሚያልፈው የሚፈልገውን ነገር በሌላ መንገድ ስለማያገኝ ነው። ስለዚህ በሁሉም ማሽን ዴስክቶፕ ላይ «የቤቱ ፕሮግራሞች» የሚል፣ ለማንበብ ብቻ የተፈቀደ ፎልደር አስቀመጥኩ፤ ኪማን፣ ሊብረ ኦፊስ (የጽሕፈት ሥራ ፕሮግራም)፣ ሰቨን ዚፕ፣ ፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ ሁሉም ከየባለቤታቸው ገጽ የወረዱ። ለፎቶ መጠን ፕሮግራም አላስቀመጥኩም፤ በዊንዶውስ ፔይንት 600 በ600 እንዴት እንደሚደረግ በአንድ ገጽ ጽፌ ጸሐፊዋ ከሚቀጥለው ዲቪ በፊት እንድትለማመደው ሰጠኋት። እዚያው ተቀምጣ የራሷን ፎቶ ሠርታ አሳየችኝ፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ከአንድ ሳምንት በኋላ የስድስቱን ማሽኖች የዳውንሎድ ታሪክ አየሁ። ሁለት እገዳዎች ተመዝግበዋል፤ ሁለቱም ከማስታወቂያ የተነሡ የውሸት የፒዲኤፍ መለወጫዎች ናቸው፣ ሁለቱም አልገቡም። ጸሐፊዋ አንዱን ታስታውሰዋለች፤ ደንበኛው «ድርጅቱ ከልክሏል ይላል፣ የትኛው ድርጅት ነው?» ብለው ሲቆጡ «እኛው ነን አባባ፣ ማሽኑን እንዳያበላሽ ነው፤ ፋይሉን እኔ ልለውጥልዎ» ብላ በሊብረ ኦፊስ ሠርታ ሰጥታቸዋለች። ዲፌንደርም ከፍላሽ የመጣ አንድ ሾርትከት ቫይረስ ይዟል። የደንበኛው ፎልደሮች ተደብቀው ስለነበር መልሼ ገልጬላቸው ሄዱ።

የቀሩት ሁለቱ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ናቸው። ክሮም ከ109ኛው እትም በኋላ አያድስላቸውም፤ በብሮውዘሩ ውስጥ የሚገኝ ቀዳዳ ካልተደፈነ አደገኛ ገጽ ፋይል ማስወረድ ሳያስፈልገው ሊገባ ስለሚችል የዳውንሎድ እገዳ ብቻውን አያድናቸውም። የፋየርፎክስ 115 የረዥም ጊዜ እትም ለጊዜው የደኅንነት እድሳት እየሰጣቸው ቢሆንም ዕድሜው አጭር ነው። ማኅደረ ትውስታቸው 2 ጊጋባይት በመሆኑ ዊንዶውስ 10 እንዲጫንባቸው አልመክርም። ከቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋግረን ለትየባና ለህትመት ብቻ እንዲውሉ ወሰንን። የኔትወርክ ገመዳቸውን ዛሬ ነቅዬ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ፕሪንተሩን ሰኞ በዩኤስቢ አገናኛቸዋለሁ።